ከቋሚ ነዋሪነት ወደ ዜግነት፦ አመልካቹ የረሳውን መዝገቡ ያስታውሳል

ለዜግነት ለማመልከት የወሰነ ሰው ብዙውን ጊዜ በቅድሚያ እጁ የሚገባው የፈተናው መጽሐፍ ነው። ከሥራ መልስ ማታ ማታ የፓርላማውን አሠራር፣ የሕገ መንግሥቱን አንቀጾችና የጦርነቶቹን ዘመን ሲሸመድድ ይከርማል። ትጋቱ የሚያስመሰግን ነው፤ ያለ ፈተና አይታለፍምና። ይሁን እንጂ ማመልከቻው ሲደርስ መርማሪው ጠረጴዛ ላይ ቀድሞ የሚዘረጋው የአመልካቹ የቆየ ፋይል ነው፦ ቪዛ ሲጠይቅ የሞላው ቅጽ፣ ጥገኝነት ጠይቆ ከሆነ የሰጠው ቃል፣ ለመኖሪያ ፈቃዱ ያቀረበው የልደትና የጋብቻ ማስረጃ፣ ድንበር ላይ የተመዘገበው መውጫና መግቢያ፣ የግብር መዝገቡ። አዲሱ ማመልከቻ ከእነዚህ ሁሉ ጋር ጎን ለጎን ይነበባል። በእኔ እምነት ብዙ ሰው የሚሰናከለውም፣ ያለ ምክንያት ለዓመታት ሲፈራ የሚኖረውም ይህንን ካለመረዳት ነው።

ከዚያ በፊት ግን «የመኖሪያ ፈቃዴ እያለ ምን ጎደለኝ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ መስጠት ይገባል። ሠርቶ ማደር፣ ቤት መግዛት፣ ልጅ ማስተማር ከተቻለ ሌላው ትርፍ የሚመስላቸው ሰዎች አሉና። ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ሊጠፋ የሚችል መብት ነው። በብሪታንያ ላልተወሰነ ጊዜ የመኖር ፈቃድ ያለው ሰው በተከታታይ ከ2 ዓመት በላይ ከአገር ውጭ ከቆየ በአብዛኛው ፈቃዱ ይቋረጣል። ካናዳ ቋሚ ነዋሪው በ5 ዓመት ውስጥ ቢያንስ 730 ቀን አገር ውስጥ እንዲገኝ ታስገድዳለች። አሜሪካ ደግሞ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ኑሮውን ወደ ሌላ አገር አዙሯል ብላ ካመነች ነዋሪነቱን እንደተወው ልትቆጥር ትችላለች። ወላጅ ታሞበት አስታማሚ ሆኖ የሄደ ሰው ሳያስበው እዚህ አደጋ ውስጥ ሊገባ ይችላል። በአንዳንድ ወንጀሎች ጥፋተኛ መባልም አለ፤ ዜጋው ቅጣቱን ጨርሶ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ ቋሚ ነዋሪው ቅጣቱን ጨርሶ ከአገር ሊባረር ይችላል።

በ2018 ብሪታንያን ያናወጠው የዊንድረሽ ጉዳይ ለዚህ ዋና ማስረጃ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከ1973 በፊት ከካሪቢያን አገሮች የመጡ፣ ብዙዎቹ በልጅነታቸው የገቡ ሰዎች በአገሪቱ የመኖር ሙሉ መብት ነበራቸው። መብታቸውን የሚያሳይ ወረቀት ግን በእጃቸው አልነበረም። ሕጉ ሲጠብቅ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሠርተው ግብር የከፈሉ ሰዎች ከሥራ ተባረሩ፣ ሕክምና ተከለከሉ፣ ታሰሩ፤ ከአገር የተባረሩም ነበሩ። መንግሥት ይቅርታ ጠይቋል፤ የካሳ ፕሮግራምም አቋቁሟል። የነዋሪነት መብት ምን ያህል ከወረቀትና ከፖለቲካ ወቅት ጋር እንደታሰረ ግን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ታሪክ አላውቅም።

የቤተሰብ ነገርም አለ። በአሜሪካ ግሪን ካርድ ያለው ሰው እናቱንና አባቱን ማምጣት አይችልም፤ ዕድሜው 21 የሞላ ዜጋ ግን ይችላል። የዜጋ የትዳር አጋር ዓመታዊ ኮታ አይጠብቅም፤ የነዋሪ የትዳር አጋር ግን ወረፋ ውስጥ ይገባል። ከሁሉም ይልቅ ወላጆች ልብ ሊሉት የሚገባው የልጆች ጉዳይ ነው። ከ2001 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የአሜሪካ ሕግ መሠረት፣ ግሪን ካርድ ያለውና ከወላጁ ጋር የሚኖር ልጅ ዕድሜው 18 ሳይሞላ ወላጁ ዜጋ ከሆነ፣ እርሱም ያለ ፈተናና ያለ ቃለ መሐላ በዚያው ቀን ዜጋ ይሆናል። ልጁ 18 ከሞላው በኋላ ወላጁ ቢምል ግን ልጁ እንደ ማንኛውም ሰው ራሱ አመልክቶ፣ ራሱ ተፈትኖ ማለፍ አለበት። ወላጅ «ትንሽ ቋንቋ ላሻሽል» እያለ ሲያዘገይ ይህ ዕድል ከልጁ እጅ ሊያመልጥ ይችላል። የ16 እና የ17 ዓመት ልጆች ያሏቸው ወላጆች ቀን መቁጠሪያቸውን ዛሬውኑ እንዲያዩ አጥብቄ እመክራለሁ፤ ማመልከቻ ማስገባቱ ብቻ አይበቃም፣ ቃለ መሐላው ራሱ ከልጁ 18ኛ ልደት በፊት መፈጸም አለበት።

መዘግየት የሚያስከፍለው ሌላም ዋጋ አለ፤ ሕጉ ቆሞ አይጠብቅም። ጀርመን በጁን 2024 ሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ የሚጠበቀውን የነዋሪነት ዘመን ከ8 ዓመት ወደ 5 ዝቅ አደረገች፣ የቀድሞ ዜግነትን ይዞ መቆየትንም ፈቀደች። በተለየ ሁኔታ ከኅብረተሰቡ ጋር ለተዋሐዱ ሰዎችም የ3 ዓመት አቋራጭ ከፈተች። አቋራጩ ከአንድ ዓመት ከመንፈቅ ላነሰ ጊዜ ቆይቶ በኦክቶበር 2025 ተዘጋ። በጣሊያን ደግሞ የ10 ዓመቱ ግዴታ ወደ 5 እንዲወርድ በጁን 2025 ሕዝበ ውሳኔ ተጠርቶ ነበር፤ ድምፅ ለመስጠት የወጣው ሰው ከግማሽ በታች ስለነበር ውጤት ሳይኖረው ቀረ። አውሮፓ ውስጥ የ1997ቱ የዜግነት ስምምነት ፈራሚ አገሮች ከ10 ዓመት በላይ ነዋሪነት እንዳይጠይቁ ጣሪያ ቢያስቀምጥም፣ ከዚያ ጣሪያ በታች እያንዳንዱ አገር እንደ ፖለቲካው ሙቀት ይወጣል ይወርዳል። ዛሬ መሥፈርቱን ያሟላ ሰው በሚቀጥለው ዓመትም ያሟላል ብሎ መተማመን አይቻልም።

ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ፤ ወደ ቀን ቆጠራው።

ሁሉም አገር «ስንት ዓመት ኖርክ?» ብሎ ይጠይቃል፤ አቆጣጠሩ ግን ይለያያል፣ ስህተቱም የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። አሜሪካ ከግሪን ካርዱ ቀን ጀምሮ 5 ዓመት ትጠይቃለች፤ ከአሜሪካዊ የትዳር አጋሩ ጋር አብሮ ለሚኖር ሰው 3 ዓመት ይበቃዋል። በዚያ 5 ዓመት ውስጥ አመልካቹ ቢያንስ 30 ወር በአካል አገሪቱ ውስጥ መገኘት አለበት። ብዙዎች የሚያውቁት ይህንን ብቻ ነው። ከጎኑ ሌላ መሥፈርት አለ፦ ነዋሪነቱ ያልተቋረጠ መሆን አለበት። አንድ ጉዞ ከ6 ወር ካለፈ ነዋሪነቱ እንደተቋረጠ ይገመትና ግምቱን የማፍረሱ ሸክም በአመልካቹ ላይ ይወድቃል፤ የቤት ኪራይ ውሉን፣ የሥራ ደብዳቤውን፣ የግብር ወረቀቱን አቅርቦ ኑሮው እዚያው እንደነበረ ማሳየት አለበት። ዓመት ከሞላ ግን በአብዛኛው ማስረዳትም አይጠቅመውም፤ ቆጠራው እንደገና ይጀመራል። ስለዚህ በድምሩ 40 ወር አገር ውስጥ የነበረ ሰው በአንድ ረጅም ጉዞ ምክንያት ብቻ ውድቅ ሊደረግበት ይችላል።

ካናዳ በአንጻሩ ቆጠራውን በቀን አድርጋዋለች። ማመልከቻው ከመፈረሙ በፊት ባሉት 5 ዓመታት ውስጥ 1,095 ቀን መገኘት ያስፈልጋል። ቋሚ ነዋሪ ከመሆን በፊት በተማሪነት፣ በሠራተኛነት ወይም ጥገኝነቱ ጸድቆለት ያሳለፈው ቀን እንደ ግማሽ ቀን ይቆጠርለታል፤ በዚህ መንገድ የሚገኘው ከ365 ቀን አይበልጥም። ይህንን ባለማወቅ አንድ ዓመት ሙሉ በከንቱ የሚጠብቁ አሉ። ብሪታንያ ደግሞ የምትቆጥረው የሌሉበትን ቀን ነው፦ በ5 ዓመት ከ450 ቀን፣ በመጨረሻዎቹ 12 ወራት ከ90 ቀን ያልበለጠ። ከዚያ በላይ ሰዎችን ድንገት የሚይዝ አንድ ነገር አላት፤ ማመልከቻው ከሚደርስበት ቀን ልክ 5 ዓመት ወደ ኋላ ሲቆጠር በዚያች ዕለት አመልካቹ እዚያው አገር ውስጥ መገኘት ነበረበት። በዚያች ዕለት ለሠርግ ሌላ አገር ሄዶ ከነበረ ማመልከቻውን ጥቂት ቀናት አዘግይቶ ማስገባት ሊበቃው ይችላል። አውስትራሊያ የመጨረሻውን ዓመት በቋሚ ነዋሪነት ያሳለፈበት የ4 ዓመት ኑሮ ትጠይቃለች። ኒውዚላንድ በ5 ዓመት 1,350 ቀን፣ በእያንዳንዱ ዓመትም ቢያንስ 240 ቀን ትላለች።

በቅጹ ላይ የጉዞዎች ዝርዝር የሚሞላበትን ሰንጠረዥ ቀረብ ብለን እንየው። ዓምዶቹ ጥቂት ናቸው፤ የወጣበት ቀን፣ የተመለሰበት ቀን፣ የሄደበት አገር። አመልካቹ ፓስፖርቱን ገልጦ ማኅተም ይፈልጋል። አንዱ ማኅተም ደብዝዟል፣ ሌላው ከሌላ ማኅተም ላይ ተደርቦ አይነበብም፤ ሦስተኛው ጭራሽ የለም፤ ብዙ ድንበሮች ዛሬ ማኅተም መምታት ትተዋል። የቀድሞው ፓስፖርት ደግሞ ጊዜው ሲያልፍ ለቆንስላ ተመልሷል። በዚህ ጊዜ ሰው «በግምት» መጻፍ ይጀምራል። መርማሪው ግን ፊቱ ባለው ኮምፒውተር ላይ የአየር መንገዱንና የድንበሩን መዝገብ ያያል። የሁለት ቀን ልዩነት ማንንም አያስከስስም፤ ያልተጠቀሰ የሦስት ሳምንት ጉዞ ግን ጥያቄ ያስነሳል። ማስታወስ ያቃተው ሰው ከሚገምት ይልቅ የቆዩ የአውሮፕላን ትኬት ኢሜይሎችን፣ የባንክ መግለጫውን፣ ከአሠሪው የዕረፍት መዝገቡን ቢያገላብጥ ይሻለዋል። በብዙ አገሮች መንግሥት የያዘውን የጉዞ መዝገብ በጽሑፍ ጠይቆ ማግኘትም ይቻላል። ያም ካልተሟላ በቅጹ ላይ «ቀኑ በግምት ነው» ብሎ በግልጽ ማስፈር ያዋጣል። በአሜሪካም፣ በብሪታንያም፣ በካናዳም ሰው የወጣበትና የተመለሰበት ዕለት ከሌለባቸው ቀናት አይቆጠሩም፤ ስለዚህ ቆጠራውን ሁለት ጊዜ መሥራት ተገቢ ነው።

ከጉዞው ቀጥሎ ችግር የሚፈጥረው ስምና ልደት ነው። ከአንድ ፊደል ወደ ሌላ ፊደል የተገለበጠ ስም በአንዱ ወረቀት በአንድ ዓይነት፣ በሌላው በሌላ ዓይነት ይጻፋል። የአያት ስም በአንዱ አለ፣ በሌላው የለም። የራሱ የቀን አቆጣጠር ካለው አገር የመጣ ሰው ልደቱ ሲቀየር በቀናት ወይም በዓመታት ይዛባል። አንዳንዱም በስደት ካምፕ ውስጥ ሠራተኛው በግምት የመዘገበለትን ቀን ይዞ ኖሯል። እነዚህ በራሳቸው ነውር አይደሉም፤ መርማሪዎችም በየቀኑ ያዩአቸዋል። የሚጎዳው ዝም ማለት ነው። ልዩነቱን አስቀድሞ በአንድ ገጽ ማብራሪያ አስረድቶ ማስረጃ አያይዞ የሚያቀርብ ሰውና ቃለ መጠይቁ ላይ ተጠይቆ የሚደናገር ሰው እኩል አይታዩም። ጋብቻና ፍቺ፣ ከሌላ የተወለዱ ልጆችም እንዲሁ ናቸው። ከዓመታት በፊት በሌላ ቅጽ ላይ «ልጅ የለኝም» ብሎ የጻፈ ሰው ዛሬ ሁለት ልጆች ቢጠቅስ የልጆቹ ዕድሜ ራሱ ይመሰክርበታል።

ስለ መልካም ጠባይ የሚጠየቀውን ክፍል በተመለከተ አንድ የተለመደ ስህተት አለ። «ክሱ ተዘግቷል»፣ «ፖሊስ ለቆኛል»፣ «ጠበቃዬ ከመዝገብ አሰርዞልኛል» በሚል ምክንያት «የለም» ብሎ መመለስ። የአሜሪካው ቅጽ የሚጠይቀው ስለ መፈረድ ብቻ ሳይሆን ስለ መታሰርና ስለ መከሰስም ነው። የአሻራ ምርመራው ደግሞ ያወጣዋል። ቀላል የሆነ የቆየ ጉዳይ በራሱ የማያስከለክል ሆኖ ሳለ፣ መደበቁ ያስከለክላል። ግብርም የዚሁ አካል ነው፤ ካናዳ ገቢውን የማሳወቅ ግዴታ ያለበት አመልካች ከ5ቱ ዓመታት ቢያንስ የ3ቱን ማስገባቱን ታረጋግጣለች። ዕዳ ያለበት ሰው ከግብር ባለሥልጣኑ ጋር የክፍያ ስምምነት አድርጎ በየወሩ እየከፈለ መሆኑን ካሳየ ጉዳዩ ሌላ መልክ ይይዛል።

በአሜሪካ ደግሞ ሳያውቁት የሚገቡበት ከባድ ወጥመድ አለ። መንጃ ፈቃድ ለማውጣት የሄደ ነዋሪ በዚያው ቅጽ ላይ የመራጭነት ምዝገባ ሣጥን ያገኛል። ቋንቋው ያልጠራለት ወይም የቸኮለ ሰው ምልክት ያደርግበትና ከወራት በኋላ የመራጭ ካርድ በፖስታ ይደርሰዋል። ዜጋ ሳይሆኑ ዜጋ ነኝ ማለትም ሆነ ድምፅ መስጠት ለዜግነት መከልከል ብቻ ሳይሆን ለመባረርም ሊያበቃ የሚችል ጉዳይ ነው። ይህ የደረሰበት ሰው ዝም ብሎ ከማመልከቱ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ማየት አለበት።

ቃለ መጠይቁ ምን ይመስላል? በአሜሪካ መርማሪው አመልካቹን አስምሎ ካስቀመጠ በኋላ ቅጹን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ይሄድበታል። የቋንቋ ችሎታውም የሚለካው በዚሁ ንግግር ነው። «የአሸባሪ ድርጅት አባል ሆነህ ታውቃለህ?» ሲባል «አይ» ማለት ቀላል ነው። ቀጥሎ ግን «አሸባሪ ማለት ምን ማለት ነው?» የሚል ጥያቄ ሊመጣ ይችላል። ሌላ ሰው ቅጹን ሞልቶለት ፈርሞ ብቻ ያስገባ አመልካች እዚህ ላይ ይጠፋዋል፤ የገዛ መልሱን አያውቀውምና። እርዳታ መጠየቅ ተገቢ ነው። ነገር ግን ቅጽ እየሞሉ ገንዘብ ለሚቀበሉ፣ ጠበቃም ሆነ ፈቃድ ያለው አማካሪ ላልሆኑ ሰዎች ፋይልን አስረክቦ መሄድ በራስ ሕይወት ላይ መቀለድ ነው። የተሳሳተ መልስ ሲገኝ የሚጠየቀው የፈረመው ሰው ነው። የሞላው ሰው ስሙም አይነሳም።

ፈተናው ራሱ ከሚወራለት ይቀልላል። ጀርመን 33 ጥያቄ አቅርባ 17 የመለሰውን ታሳልፋለች፤ 310ሩ የጥያቄ ባንክ አስቀድሞ ለሕዝብ የተለቀቀ ነው። ብሪታንያ ከ24 ጥያቄ 18፣ ካናዳ ከ20 ጥያቄ 15 ትጠይቃለች። አውስትራሊያም ከ20 ጥያቄ 15 ትላለች፤ ስለ አገሪቱ እሴቶች የሚቀርቡት 5 ጥያቄዎች ግን አንድም ሳይቀር መመለስ አለባቸው። አሜሪካ ከኦክቶበር 20 ቀን 2025 ጀምሮ ለሚያመለክቱ የጥናት ዝርዝሩን ከ100 ወደ 128 ጥያቄ አሳድጋለች፤ ከሚቀርቡት 20 ጥያቄዎች 12 መመለስ ያስፈልጋል። መጀመሪያ ያልተሳካለት ሰው ያው ማመልከቻ ሳይዘጋ ሁለተኛ ዕድል ይሰጠዋል። ፈተና መውደቅ ግሪን ካርድ አያስነጥቅም። ይህንን ባለማወቅ በፍርሃት ብቻ ሳያመለክቱ ያረጁ እናቶችና አባቶች አሉ። ለእነርሱ ደግሞ ሕጉ ልዩ አስተያየት አለው፤ ዕድሜው 50 ሆኖ 20 ዓመት፣ ወይም 55 ሆኖ 15 ዓመት በግሪን ካርድ የኖረ ሰው ከእንግሊዝኛው ነፃ ሆኖ የዜግነት ጥያቄዎቹን በአፍ መፍቻ ቋንቋው በአስተርጓሚ መመለስ ይችላል። 65 ዓመት ሞልቶት 20 ዓመት ለኖረው ጥያቄውም ያጥርለታል። ካናዳም ከ55 ዓመት ጀምሮ ያሉትን ከቋንቋና ከፈተና ነፃ አድርጋለች። ልጆች ይህንን ለወላጆቻቸው ያስረዱ።

ልብ የሚከፍለው ጥያቄ የቀድሞው ዜግነት ነው። አዲሱ አገር ጥምር ዜግነት ስለፈቀደ ብቻ ጉዳዩ አያልቅም፤ የድሮውም አገር መፍቀድ አለበት። ዴንማርክ በ2015፣ ኖርዌይ በ2020፣ ጀርመን በ2024 በራቸውን ሲከፍቱ ቻይና፣ ህንድ፣ ጃፓንና ኢትዮጵያ ግን በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደውን ሰው የራሳቸውን እንደተወ ይቆጥሩታል። ህንድና ኢትዮጵያ ለትውልደ አገር ሰዎች ያለ ቪዛ ገብቶ መኖርና መሥራት የሚያስችል መታወቂያ አዘጋጅተዋል፤ መምረጥና መመረጥን ግን አይመልስም። ከውርስ፣ ከመሬት ይዞታና ከጡረታ ጋር የተያያዘ ጥቅም ያለው ሰው ከቃለ መሐላው በፊት እንጂ በኋላ ሊጠይቅ አይገባውም። እንደ ኦስትሪያ ያሉ አገሮች በተቃራኒው የድሮውን ዜግነት በቅድሚያ እንዲተዉ ስለሚጠይቁ፣ በመካከል ዜግነት አልባ ሆኖ የመቅረት አደጋ አለ። ለዚህም ሲባል የ1961 የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት ሌላ ያልያዘ ሰው ዜግነቱን መተው ሕጋዊ ውጤት እንዳይኖረው ደንግጓል። ኦስትሪያም አመልካቹ የድሮውን ከመተዉ በፊት የጽሑፍ ማረጋገጫ ትሰጣለች። ያ ደብዳቤ በእጅ ሳይገባ ፓስፖርት መመለስ አይገባም።

ማመልከት የሌለባቸው ሰዎችም አሉ፤ ቢያንስ ለጊዜው። ዜግነት ሲጠየቅ የመኖሪያ ፈቃዱ የተገኘበት መንገድ እንደገና ይፈተሻል። በቀድሞው ጉዳዩ ላይ ከባድ የሐሰት ቃል ያለበት ሰው፣ ዜግነቱን ካገኘ በኋላም ሰላም የለውም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2017 በሰጠው ውሳኔ ዜግነትን በወንጀል ክስ ለመንጠቅ ሐሰቱ ለዜግነቱ መገኘት ድርሻ የነበረው መሆን አለበት ብሏል፤ ጥቃቅን ውሸት አይበቃም ማለት ነው። ውሳኔው ለብዙዎች እፎይታ ቢሆንም ትልልቁን ሐሰት አልሸፈነም። እንዲህ ያለ ነገር ያለበት ሰው ምስጢሩን ለጎረቤት ሳይሆን ለጠበቃ ይናገር፤ ጠበቃው የሰማውን አሳልፎ አይሰጥም።

ቃለ መጠይቁን ያለፈ ሰው ዜጋ የሆነ ይመስለዋል። አልሆነም። በአሜሪካ እስከ ቃለ መሐላው ድረስ ነዋሪ ነው፤ በሥነ ሥርዓቱ ዕለት በሚያስረክበው አንድ ገጽ ቅጽ ላይ ከቃለ መጠይቁ ወዲህ ተጉዞ፣ አግብቶ ወይም ተፋትቶ፣ ታስሮ ወይም ተከስሶ እንደሆነ ይጠየቃል። በብሪታንያም ጥሪው ከደረሰ በ3 ወር ውስጥ ሥነ ሥርዓቱ ላይ መገኘት ያስፈልጋል። ለፓስፖርት፣ ለማኅበራዊ ዋስትና መዝገብና ለልጆች ማስረጃ የሚጠየቀው በዚያ ቀን የሚሰጠው የምስክር ወረቀት ስለሆነ፣ ስሙና የልደት ቀኑ በትክክል መጻፉን ከአዳራሹ ሳይወጡ ማየት ያስፈልጋል። ስህተት ካለ እዚያው ለባለሥልጣኑ ማሳየት ይቀላል፤ ከወጡ በኋላ ግን ሌላ ማመልከቻ፣ ሌላ ወረፋ ነው።